የኮምቦልቻው በረራና የግራናው ሽንኩርት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 491 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ግራናም ከዚሁ ወረዳ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ስሟ ከወንዟና ከመስኖ እርሻዋ ጋር አብሮ ይነሣል። ከቆቦ እስከ ግራና በተዘረጋው ሸለቆ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ማንጎ፣ ብርቱካንና ፓፓያ ይመረታል። ጤፍና ማሽላውም የሚናቅ አይደለም። ምድሩ ያበቅላል፤ ውሃውም አለ። የቀረው ትልቅ ጥያቄ ምርቱ ሳይበላሽና ዋጋው ሳይወድቅ እንዴት ገበያ ይደርሳል የሚለው ነው።

ይህ ጸሐፊ በዚሁ አካባቢ በአንድ የመስኖ ማሳ ዳር በተገኘበት ቀን፣ በጆንያ የታሰረ ሽንኩርት ከግራር ጥላ ሥር ተደርድሮ መኪና ይጠብቅ ነበር። ከወዲያ ማዶ ወደ ደቡብ የሚያመራ የአይሮፕላን ድምፅ ተሰማ። በዕድሜ የገፉት የማኅበሩ መሪ ቀና ብለው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ያ ከላይ የሚሄደው አዲስ አበባ ለመግባት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አባቴ፣ ከዚህ ከተነሣ አርባ ደቂቃ ቢፈጅበት ነው» የሚል መልስ ተሰጣቸው።

«የኔ ሽንኩርት ግን ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ነው። አብሽር፣ መኪናው ይመጣል ይሉኛል» አሉና ዝም አሉ።

የሽማግሌው ንግግር ቀልድ አይደለም። አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራና ሁለት ቀን በሚፈጅ የሽንኩርት ጉዞ መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ መመርመር ለማንኛውም የገበሬ ማኅበር መሪ የሚጠቅም ነው። ምክንያቱም ከዚህ ልዩነት ውስጥ የተራራው ድርሻ የሆነ አለ፤ የመንግሥት ድርሻ የሆነ አለ፤ የማኅበሩ የራሱ ድርሻ የሆነም አለ። ሦስቱን ሳይለዩ መማረር መፍትሔ አያመጣም።

ቀጥታው መስመርና ጠመዝማዛው መንገድ

ለአካባቢው የሚቀርበው አይሮፕላን ማረፊያ የደሴና የኮምቦልቻ ሕዝብ የሚገለገልበት የኮምቦልቻው ነው። ከቦሌ ኮምቦልቻ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር 253 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በመኪና መንገድ ግን ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 376 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለመኪናው ከአይሮፕላኑ 123 ኪሎ ሜትር አብልጦ ይሄዳል ማለት ነው።

ወደ መርሳ ሲመጣ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ከአዲስ አበባ መርሳ በቀጥታ መስመር 312 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመንገዱ 491 ነው። 179 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ርቀት ተራራ ለመዞር፣ ገደል ለመውረድና ዳገት ለመውጣት የሚከፈል ግብር ነው። ከኮምቦልቻ አይሮፕላን ማረፊያ መርሳም ቢሆን በቀጥታ 65 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው፣ በደሴና በሐይቅ ዞሮ ሲመጣ 115 ይሆናል።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በአገራችን በቆየበት ዘመን ባስፈለፈለውና ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይዘልቅና በከሚሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም አብዛኛው ዳገት ነው። ከደሴ በኋላ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይገባል። ከባድ ጭነት የያዘ መኪና በዳገቱ በዝግተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ፣ በቁልቁለቱም ፍሬኑን እየጠበቀ ስለሚሄድ፣ እኩል ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ እኩል ሰዓት አይሆንም።

የበረራው ሰዓት እንዴት ይቆጠራል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ. ም. ተቋቁሞ፣ የመጀመሪያውን በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያኔ የሚበሩት «ዳኮታ» እየተባሉ የሚጠሩት ባለሁለት ሞተር አይሮፕላኖች በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጡም ነበር። በዚያ ፍጥነት የኮምቦልቻን 253 ኪሎ ሜትር ለመብረር አንድ ሰዓት ግድም ይበቃል።

ዛሬ ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ባለሁለት ሞተሩ ኪው 400 አይሮፕላን በሰዓት ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይበራል። 253ን ለ600 ብናካፍል 25 ደቂቃ ይወጣል። ይሁን እንጂ ከቦሌ ኮምቦልቻ በ25 ደቂቃ የደረሰ መንገደኛ የለም። አይሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ እስከ መንደርደሪያው መጓዝ፣ ተራ መጠበቅ፣ ቀስ በቀስ ከፍታ መያዝ፣ ከማረፉ በፊት ፍጥነቱን መቀነስና መውረድ፣ ካረፈም በኋላ ወደ መውረጃው መሄድ አለበት። ይህ ሁሉ ሲደመር በረራው 50 ደቂቃ ያህል ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። የአይሮፕላኑ ፍጥነት ከዳኮታው ዘመን ከእጥፍ በላይ ቢጨምርም የመንገደኛው ጊዜ በዚያው ልክ አልቀነሰም። በአጭር መንገድ ላይ ጊዜውን የሚበላው ጉዞው ሳይሆን መነሻውና መድረሻው ነውና።

ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር

አንድ መንገደኛ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ካለው ቤቱ ተነሣ እንበል። ቦሌ ለመድረስ 1 ሰዓት፣ በዚያ ለፍተሻና ለጥበቃ 2 ሰዓት፣ ለበረራው 50 ደቂቃ፣ ዕቃ ተቀብሎ መኪና ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ከኮምቦልቻ መርሳ ያለው 115 ኪሎ ሜትር በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ግድም ይሆናል። ድምሩ 7 ሰዓት ያህል ስለሆነ መንገደኛው መርሳ የሚገባው ቀን 7 ሰዓት ላይ ነው።

በዚያው ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ በመኪና የተነሣ ሌላ መንገደኛ 491ዱን ኪሎ ሜትር በዚሁ ፍጥነት ሲጓዝ 11 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መርሳ ይደርሳል። በሰማይ 50 ደቂቃ፣ በምድር 11 ሰዓት እየተባለ የሚነገረው ልዩነት ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ባለአይሮፕላኑ ራሱ ከ7ቱ ሰዓት ውስጥ በአየር ላይ የነበረው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ የቀረው በምድር ላይ የጠፋ ጊዜ ነው።

ሽንኩርት ለምን በአይሮፕላን አይሄድም?

ከማኅበራት አባላት መካከል፣ «አበባ በአይሮፕላን ውጭ አገር ይሄዳል፤ የኛ ምርት ለምን በመኪና ይንገላታል?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ተገቢ መልስ ያሻዋል።

ከአዲስ አበባ ሆላንድ አገር በቀጥታ መስመር ወደ 5,700 ኪሎ ሜትር ነው። በአይሮፕላን ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። ይህም ማለት ከአዲስ አበባ አካባቢ የተቆረጠ አበባ ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ በአየር ላይ የሚቆየው ጊዜ፣ ጭነት የያዘ መኪና ከመርሳ አዲስ አበባ ለመግባት ከሚፈጅበት ያነሰ ነው። ጭነት የያዘ መኪና በአማካይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ለ491 ኪሎ ሜትር ከ16 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋልና።

ነገር ግን ሂሳቡ በሰዓት ብቻ አያበቃም። አየር መንገዱ ካሉት የጭነት አይሮፕላኖች ትልቁ ቦይንግ 777 የሚሸከመው ወደ 100 ቶን፣ ማለትም 1,000 ኩንታል ያህል ነው። አንድ ባለተሳቢ መኪና ብቻውን 400 ኩንታል ይጭናል። ስለዚህ ያ ሁሉ ግዙፍ አይሮፕላን የሚያነሣው ሁለት ተሳቢ ተኩል ያህል ነው። ለአይሮፕላኑ የሚወጣው ነዳጅና ወጪ ግን ከመኪናው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በኪሎ ውድ ዋጋ የሚያወጣ አበባ ይህን ወጪ ይችለዋል፤ ሽንኩርት አይችለውም።

ይህን እውነት የወሎ ገበሬ በመከራ ጊዜም አይቶታል። በ1977 ዓ. ም. በረሃብ ዘመን የልዩ ልዩ አገሮች አየር ኃይሎች «ሄርኩሊስ» በሚባሉ የጭነት አይሮፕላኖች እህል አመላልሰዋል፤ ማረፊያ በሌለበትም ከአየር ላይ ጥለዋል። አንዱ ሄርኩሊስ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 20 ቶን ያህል፣ ይኸውም 200 ኩንታል ነው። ይህ የአንድ ባለተሳቢ መኪና ግማሽ ጭነት መሆኑ ነው። አይሮፕላኑ ያስፈለገው ከመኪና ስለሚረክስ ሳይሆን፣ መኪና የሚገባበት መንገድ ስላልነበረና ጊዜው ስላልጠበቀ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. ድርቅ የተራበው ሕዝብ ወደዚህ አውራ ጎዳና ዳር እየወረደ የተሰበሰበውም፣ እርዳታ በመንገዱ እንጂ በሌላ እንደማይመጣ ስላወቀ ነበር።

እንግዲህ ከአበባው የምንማረው በአይሮፕላን መጓዙን አይደለም። አበባ ላኪው የሚቆርጥበት ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ተወስኗል። አበባው ከተቆረጠበት ጊዜ ጀምሮ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል። የሚጭነው መኪና ሰዓት ታውቋል፤ ገዢውም ይጠብቀዋል። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ባለመኪና የሚለምን አበባ የለም። ይህን ሥርዓት ግን የግራና ገበሬ ያለ አይሮፕላንም ሊሠራበት ይችላል።

54 ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ

የአንድን ኩንታል ሽንኩርት ጉዞ እንከታተል። ቁጥሩ ለምሳሌ የቀረበ ነው፤ እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ማሳ ላይ ለክቶ ሊያስተካክለው ይችላል።

ሽንኩርቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ከማሳ መነሣት ይጀምራል። በሰውና በአህያ ጀርባ ተጓጉዞ መኪና በሚገባበት መንገድ ዳር የሚከማቸው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው። 5 ሰዓት ሆነ። ከዚያ መኪና ይጠበቃል። ደላላው ዛሬ ነገ እያለ በማግሥቱ ምሽት 12 ሰዓት ላይ መኪናው ይደርሳል። 30 ሰዓት ሆነ። ለመመዘን፣ ለመከራከርና ለመጫን 3 ሰዓት ይሄዳል። ከሌሊቱ 3 ሰዓት ላይ ተነሥቶ 16 ሰዓት ተጉዞ በሦስተኛው ቀን 7 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ይገባል። የጧቱ ገበያ አልፏል።

ድምሩ 54 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ የመኪናው ጎማ የተሽከረከረበት 16 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሲሶም አይሞላም። የአይሮፕላኑ መንገደኛ ጊዜውን በምድር ላይ እንደጨረሰ ሁሉ፣ ሽንኩርቱም ጊዜውን የጨረሰው በመንገድ ዳር ነው።

አሁን ሌላውን አሠራር እንመልከት። ማኅበሩ አስቀድሞ ከባለመኪናው ጋር ተስማምቷል። የሚነሣበት ቀንና የሚጭነው መጠን ታውቋል። ሽንኩርቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ተነሥቶ እስከ 9 ሰዓት ተከማችቶና ተመዝኖ ይጠብቃል። መኪናው ጭኖ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይነሣል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከ16 ሰዓት በኋላ፣ በማግሥቱ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ከገዢው ዘንድ ይደርሳል። ድምሩ 27 ሰዓት ነው። ኪሎ ሜትሩ ያው 491 ነው፤ የመኪናው ፍጥነትም ያው ነው። ጊዜው ግን በግማሽ ቀንሷል።

የትኛው ገበያ ቅርብ ነው?

ርቀትን ያወቀ መሪ ገበያን ይመርጣል። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ 90፣ ኮምቦልቻ 115 ኪሎ ሜትር ናቸው። በሰሜን በኩል መቀሌ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ስትሆን ከአዲስ አበባ እጅግ ትቀርባለች። ከወልድያ በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውም መንገድ አለ። ሆኖም አብዛኛው ሰው በአንድ ልማድ አዲስ አበባን ብቻ ይመለከታል።

ለምሳሌ ያህል፣ ደሴ ላይ ሽንኩርት በኪሎ 30 ብር፣ አዲስ አበባ ላይ 34 ብር ነው እንበል። ወደ ደሴ የኩንታሉ መጓጓዣ 100 ብር ሆኖ፣ በመንገድ 2 ኪሎ ቢበላሽ፣ 98 ኪሎ በ30 ብር ተሽጦ 2,940 ብር ይገኛል። መጓጓዣው ሲቀነስ 2,840 ብር ይቀራል። ወደ አዲስ አበባ የሄደው ደግሞ መጓጓዣው 350 ብር ሆኖ፣ በ54 ሰዓት ጉዞ 8 ኪሎ ቢበላሽ፣ 92 ኪሎ በ34 ብር ተሽጦ 3,128 ብር ይሆናል። መጓጓዣው ሲነሣለት 2,778 ብር ይቀራል። ሩቁ ገበያ በኪሎ 4 ብር አብልጦ ከፍሎ እንኳ ገበሬው በኩንታል 62 ብር ከስሯል።

ጥበቃው ቀርቶ ጉዞው በ27 ሰዓት ቢያልቅና የሚበላሸው ወደ 4 ኪሎ ቢወርድስ? 96 ኪሎ በ34 ብር 3,264 ብር ይሆናል። መጓጓዣው ሲቀነስ 2,914 ብር ይቀራል። ያው ሩቅ ገበያ አሁን ከደሴው በ74 ብር ይበልጣል። እንግዲህ የሩቁን ገበያ አትራፊ ወይም አክሳሪ ያደረገው ርቀቱ ሳይሆን ጥበቃው ነው። የዛሬውን ዋጋ የገበያው ቀን ይወስነዋል፤ የሂሳቡ መንገድ ግን ይህ ነው።

መኪናውን ሞልቶ መጫንም ሌላ ትርፍ ነው። 100 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ በ30,000 ብር ቢከራይ፣ ሞልቶ ሲሄድ ለኩንታል 300 ብር ይደርሳል። 60 ኩንታል ብቻ ይዞ ቢሄድ ለኩንታል 500 ብር ይሆናል። እያንዳንዱ ገበሬ በየግሉ መኪና ከሚፈልግ ተባብሮ ቢያስጭን የሚጠቀመው በዚህ ነው።

ረጅም መንገድ የሚችል ምርት

ጉዞውን ማሳጠር ካልተቻለ ምርቱን ጉዞ እንዲችል ማድረግ ይገባል። ይህ ከማሳ የሚጀምር ሥራ ነው።

ሽንኩርት ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲተኛ ለመነሣት ደርሷል። ከመነሣቱ ሁለት ሳምንት ያህል በፊት ውሃ ሊቆም ይገባል። ክብደት እንዲጨምር ብሎ እስከ መጨረሻው ቀን ውሃ የሚያጠጣ ገበሬ፣ ሚዛን ላይ ያገኘውን መንገድ ላይ በብስባሽ ይመልሳል። ከተነሣ በኋላም አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ሥር አየር እንዲያገኝ መደረግ አለበት። አንገቱ ሲቆረጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መተው ያስፈልጋል፤ ከሥሩ የተቆረጠ ለብስባሽ በር ይከፍታል። የተላጠውንና የቆሰለውን ለይቶ በቅርብ ገበያ መሸጥ ብልህነት ነው።

ቲማቲም ለመርሳና ለወልድያ ገበያ ሲሆን ቀልቶ ቢለቀም አይጎዳም። ለአዲስ አበባ የሚላከው ግን ቀለሙን መለወጥ ሲጀምር መለቀም ይኖርበታል፤ መቅላቱን በመንገድ ላይ ይጨርሳል። በሣጥን እንጂ በጆንያ ሊጫን አይገባም። ማንጎም ከነአጭር ዘንጉ ሲቆረጥ ደሙ ልጣጩን አያቃጥለውም። በዛፉ ላይ አራግፎ መሬት ላይ የወደቀውን መሰብሰብ ለሩቅ ገበያ አይሆንም። በዚህ ረገድ በዚያው በሀብሩ፣ ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልና የየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ቅርብ አማካሪዎች ናቸው።

የመንገዱ መጀመሪያ በማን እጅ ነው?

የገበሬ ማኅበራት በየካቲት 1967 ዓ. ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲቋቋሙ፣ አንዱ ማኅበር የሚይዘው የመሬት ስፋት 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መነሻ ተደርጎለት ነበር። ይህም 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሊቀ መንበር ከዳር እስከ ዳር በእግሩ በአንድ ሰዓት ያህል የሚያቋርጠው ነው። ዛሬ ስሙ ቀበሌ ቢባልም፣ የገበያው ሥራ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢከናወንም፣ ሕዝቡ እስካሁን «ገበሬ ማኅበር» ማለቱን አልተወም። የመሪው እጅ በቀጥታ የሚደርስበት ርቀትም ያው ከማሳው እስከ መንገዱ ያለው ነው።

ከግራና እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጎዳና የሚያሠራው መንግሥት ነው። በ2003 ዓ. ም. የተጀመረው የገጠር ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ የሚያገናኘው ፕሮግራም ሲሠራበት እንደነበረው ሁሉ፣ ለመንገድ ጥገና መጠየቅ የመሪዎች መብትና ግዴታ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሆን የታቀደው የባቡር ሐዲድም ግንባታው በ2007 ዓ. ም. ተጀምሯል። መደበኛ አገልግሎት ሲሰጥ ሌላ ሂሳብ ይዞ ይመጣል፤ እስከዚያው ግን ሽንኩርቱ መኪናን መጠበቁ አይቀርም።

ሰላምም የርቀት አንዱ ክፍል ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ወልድያን፣ ቀጥሎም ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ፣ ከመርሳ አዲስ አበባ ያለው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልጨመረም። ሆኖም የሚያልፍ አልነበረም። ምርት በማሳ ቀረ፤ በሽተኛም በቤቱ ቀረ። መንገድ ሲዘጋ ቅርብ የሚባል ከተማ የለም።

በሽተኛን ካነሣን፣ የጤና ባለሙያዎች ስለ ወላድ እናቶች ሞት ሲያስረዱ ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ሕክምናው ቦታ ከተደረሰ በኋላ መዘግየት ነው። ነገሩ ከሽንኩርቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጠፋው ግን ሕይወት ነው። ወላድን በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና እስከሚገባበት የሚያደርስ ተራኛ ያዘጋጀ፣ የአምቡላንሱን ስልክ በየጎጡ ያስያዘ ማኅበር፣ አስፋልቱን አንድ ክንድ ሳያሳጥር ሆስፒታሉን አቅርቧል።

ከዚህ በላይ የተገለጸውን ወደ ሥራ ለመለወጥ እያንዳንዱ ማኅበር በመጪው ምርት ወቅት አራት ነገሮችን ቢጀምር ይበቃዋል። አንደኛ፣ ከየጎጡ እስከ መኪና መግቢያው ያለውን ጉዞ በሰዓት ለክቶ መመዝገብ። ሁለተኛ፣ አባላት በተራ እንዲያነሡ ፕሮግራም ማውጣትና መኪናው ሳይታወቅ ሽንኩርት ከመሬት እንዳይነሣ መስማማት። ሦስተኛ፣ በመጫኛው ቦታ ከሣርና ከእንጨትም ቢሆን ጥላ ያለው ማከማቻ መሥራት። አራተኛ፣ ከመጫኑ በፊት ቢያንስ የሁለት ከተሞችን ዋጋ በስልክ ጠይቆ፣ መጓጓዣውንና ብልሽቱን ቀንሶ ማስላት።

በግራሩ ጥላ ሥር የተገናኘናቸው መሪ መኪናቸው የመጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበር። ጆንያዎቹ ሲጫኑ ከሥር የነበሩት ሁለቱ ረጥበው ተገኙ። ሽማግሌው አንዱን ፈትተው፣ የለሰለሰውን በእጃቸው እየለዩ ወደ ጎን ጣሉ። ከዚያም አጠገባቸው ወደ ቆመው ወጣት ዘወር ብለው፣ «ለሚቀጥለው፣ መጀመሪያ መኪናውን ጥራው፤ ሽንኩርቱን ከዚያ በኋላ እንነቅላለን» ሲሉ አዘዙት።